የሙሽራዋ የጭቃ ቤት

ሂንድ ያን ቤት ስትነድፍ ለማን እንደምትነድፈው አሳምራ ታውቅ ነበር። ለኑርዬና ለኮምቦልቻዋ ሙሽራው ነው። ማወቋ ግን እጇን አላሰነፈውም፤ እንዲያውም ሥራ ከያዘች ወዲህ የዚህን ያህል የተጠበበችበት ቤት አልነበረም። ጠዋት ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ብቅ ስትል ብርሃኗ መጀመሪያ መኝታ ቤቱ እንዲገባ ቤቱን ወደ ምሥራቅ አዞረችው። ከሰዓት በኋላ ከውሃው የሚነሳው ነፋስ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው እንዲወጣ መስኮቶቹን ፊት ለፊት አደረገቻቸው። ግቢው ውስጥ የቆመችውን ያረጀች ወይራ ላለማስቆረጥ ስትል ደግሞ ሳሎኑን ወደ ጎን አጠፈችው፤ ዛፏ በበረንዳው እቅፍ ውስጥ ገባች። ሁሉን ጨርሳ እርሳሷን ስታስቀምጥ፣ «እንግዲህ ኑርሀያት ትኑርበት» አለች በልቧ። ኑርሀያት የሚሏትን ልጅ አይታት አታውቅም። ቆንጆ መሆኗን ግን ያልነገራት ሰው አልነበረም።

ሂንድ የእትዬ ፈዲላ ልጅ ናት። እትዬ ፈዲላ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ የሰው ግድግዳ እየመረጉና እየለሰኑ ነው ልጃቸውን ያሳደጉት። በሐይቅ ከተማ የሳቸው መዳፍ ያላረፈበት ግድግዳ ጥቂት ነው። ሂንድም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለእናቷ ጭቃ እያቀበለች አደገች፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ አዲስ አበባ የሕንፃ ሥራ ተማረችና ተመልሳ በገዛ ከተማዋ የቤቶች ሥራ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። ወንበር የሚለቁላት ሰው ሆነች። የጭቃ ለሳኟ ልጅነቷ ግን አልቀረም፤ የሚያስታውሳት አታጣም።

ጊዜው ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ወዲህ ነው። የአምባሰል ተራሮች ራቁታቸውን ቀርተው ገበሬው በየዳገቱ እርከን ሲሠራ፣ ችግኝ ሲተክል ይውል ነበር። ዛፍ መቁረጥ ተከልክሎ አጣና ከሩቅ አገር በመኪና ይመጣ ጀመር። ታዲያ ከሂንድ መሥሪያ ቤት አንድ ሐሳብ መጣ። እንጨት የማይፈጅ ቤት ይሠራ፤ መሠረቱ ካገሩ ድንጋይ፣ ግድግዳው በፀሐይ ከደረቀ የጭቃ ጡብ፣ ክዳኑ ከሐይቁ ዳር ከሚታጨደው ፊላ ይሁን ተባለ። ንድፉን አውጥታ፣ ፈቃደኛ ሰው ፈልጋ የመጀመሪያውን ቤት እንድታሠራ ሂንድ ታዘዘች። የቀበሌው ስብሰባ ላይ ቆማ ስታስረዳ ሁሉም አጨበጨበ፤ መፈክርም ተሰማ። «እሺ፣ የራሱን ቤት እንዲህ አድርጎ የሚሠራ ማነው?» ብላ ስትጠይቅ ግን አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። ኑርዬ ነበር።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኑርዬ የአጣና ነጋዴው የአያ ሙዘይን ልጅ ነዋ። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ የሚያየው፣ አጣና እንደ ግንብ የተቆለለበት ግቢ የአባቱ ነው። የዳቦ ቤት ልጅ ጎረቤት ሄዶ ዳቦ ሲለምን እንደማየት ነበር። ኑርዬ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ፣ ቀበሌው የመራኝ ቦታ አለኝ፣ ከሐይቁ ፊት ለፊት ነው፣ እዚያ ይሠራልኝ አለ። ይህን ሲል ያየው ሊቀመንበሩን ሳይሆን ሂንድን ነበር። እሷ ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን አንዱም አልታያት።

ሁለቱ አብረው የተማሩ ናቸው። በልጅነታቸው አንድ አግዳሚ ላይ ባይቀመጡም፣ ሂንድ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ወጥታ ስትጽፍ ከኋላዋ የሚያያት ዓይን የማን እንደሆነ ሳትዞር ታውቅ ነበር። አዲስ አበባ ልትማር የሄደች ቀን ሻንጣዋን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ የጫነላት እሱ ነው። ጭኖ ወረደና እጁን በሱሪው ጠርጎ ጨበጣት፤ «በደኅና ግቢ» ብቻ ብሎ ሄደ። ሂንድ ከዚያ በኋላ ስንት ሰው ስንት ቃል ሲነግራት ሰማች፤ የዚያችን «በደኅና ግቢ» ያህል የከበዳት አልነበረም።

ከስብሰባው በኋላ በነበረው ሳምንት እናቷ የሰው ግድግዳ ሲለስኑ የሰሙትን ወሬ ይዘው ገቡ። አያ ሙዘይን ለልጃቸው የኮምቦልቻ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ አጭተዋል፤ ሰርጉ ከመጪው ክረምት በኋላ ነው አሉ። ሂንድ ይህን ስትሰማ የኑርዬ እጅ አዳራሹ ውስጥ ለምን እንደወጣ የገባት መሰላት። ሙሽራ የሚያገባ ሰው ቤት ያስፈልገዋል። ሌላ ምን ሊሆን?

ሥራው ኅዳር ላይ ተጀመረ። አፈሩ ከዚያው ከግቢው ተቆፈረ፤ ጉድጓዱ ደግሞ የክረምቱን ውሃ የሚያቁር ኩሬ እንዲሆን ሂንድ አስቀድማ አስባበታለች። አያ አሻግሬ የሚባሉ፣ ከአምባሰል በኩል የመጡ ቀልደኛ ግንበኛ መሠረቱን እስከ ጉልበት ድረስ በድንጋይ አነሱት። ጭቃው በጭድ እየተቦካ ጡብ ሆነ፤ ጡቡ ሜዳው ላይ በመደዳ ተሰጥቶ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። ኑርዬ ከሰዓት በኋላ የአባቱን ግቢ ዘግቶ ይመጣና ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ጠቅልሎ ጭቃ ይረግጣል። አያ አሻግሬ፣ እንዲህ የሚረግጥ ሙሽራ በዘመኔ አላየሁም እያሉ ይስቁበታል። እሱም ይስቃል። ሂንድ ብቻ የጡቡን ሜዳ ዞራ ለመቁጠር ትሄዳለች፤ ቆጥራ ስትመለስ ስንት እንደሆነ ጠፍቶባት ነው።

በጣም የሚያስቸግራት ጥያቄው ነበር። ኑርዬ ሁሉን ነገር የሚጠይቀው እሷን ነው። አንቺ ብትሆኚ ጓዳውን የት ታደርጊዋለሽ? አንቺ ብትሆኚ የመደቡ ከፍታ ምን ያህል ቢሆን ይመችሻል? በሩ ወደ ውስጥ ይከፈት ወይስ ወደ ውጭ? ሂንድ፣ ያቺን ሙሽራህን ሄደህ ጠይቃት ማለት አምሯት ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ቤት ነዳፊ ናትና የምታምንበትን ትነግረዋለች። እሱም እንደነገረችው ያደርጋል። እንዲህ እንዲህ እያለች የራሷን ምኞት በሙሉ ለሌላ ሴት አሳልፋ ስትሰጥ ከረመች።

አያ ሙዘይን ወደ ሥራው ዝር አላሉም። በዚያ ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ ያዞራሉ። አጣና ሊገዛ የመጣ ሁሉ፣ ልጅዎ እንጨት አይበጅም ብሎ ነው? እያለ ያበሽቃቸዋል። ለክዳኑ ማያያዣ ጥቂት አጣና አስፈልጎ ኑርዬ ከአባቱ ሊገዛ ሲሄድ ከሌላው ገዢ ኋላ አሰለፉት ተባለ፤ ከተማው ይህን ሰምቶ ሰሞኑን በሳቅ ሞተ።

የካቲት ላይ ኑርዬ በአባቱ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና አጣና ሊያመጣ ወደ ሸዋ ወረደ። እዚያም መኪናው ተበላሽቶበት ቆየ። አንድ ቀን የአውቶቡስ ሾፌር መሥሪያ ቤቷ ድረስ መጥቶ ደብዳቤ ሰጣት። ሂንድ በር ዘግታ ከፈተችው።

«ለሂንድ። እንደምን ሰነበትሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። የማድቤቱን መስኮት ነገር ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ወደ ሐይቁ ይሁን ወይስ ወደ መንገዱ? ሥራ ላይ ያለች ሴት ቀና ስትል ማየት የምትወደው ውሃ ነው ወይስ ሰው? ያንቺን ሐሳብ ጻፊልኝ። ኑርዬ።»

ደብዳቤው ላይ ከመስኮት በቀር ሌላ የለም። ሂንድ ግን ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ እስኪሳሳ አነበበችው። መልሱን ስትጽፍ ደግሞ ስለ ብርሃንና ስለ ጢስ ልትጽፍ አስባ እጇ ሌላ ጻፈ።

«ለኑርዬ። ሥራ ላይ ያለች ሴት ቀና ስትል ማየት የምትወደው የምትጠብቀው ሰው የሚመጣበትን በኩል ነው። ስለዚህ ወደ መንገዱ ይሁን። ሂንድ።»

ሾፌሩ ይዞት ከሄደ በኋላ ፊቷ በእሳት የተለበለበ መሰላት። ለሰው እጮኛ እንዲህ ይጻፋል? እያለች ሰነበተች። ኑርዬ ሲመለስ ስለ ደብዳቤው አንድም ቃል ሳይናገር አያ አሻግሬን መስኮቱን ወደ መንገዱ እንዲያወጡት ነገራቸው። ከዚያ ዞሮ አያት። በዚያ አስተያየት ውስጥ ያለውን ብታምነው ኖሮ ሂንድ ያን ቀን ደስታ በገደላት ነበር። አላመነችውም፤ ያላመነችበት ሕመም ግን ከደስታው አላነሰም።

ግንቦት ላይ እትዬ ፈዲላ የውስጡን ግድግዳ ሊለስኑ መጡ። እናትና ልጅ እንደ ድሮው አብረው ሠሩ። ሂንድ የመኝታ ቤቱን ግድግዳ በመዳፏ እያለሰለሰች ሳለ ዓይኗ ሞላ፤ ወደ ጥግ ዞረች። እናቷ አዩ። ወዲያው አልተናገሩም፤ የያዙትን ጭቃ ለጥፈው እጃቸውን እየታጠቡ ነው የተናገሩት።

«ልጄ፣ ይሄን ግድግዳ እንባ አታጠጪው። ውሃው በልኩ ገብቶለታል።»

ሂንድ ሳቀችም አለቀሰችም። እናቷ ሌላ ነገር አልጠየቁም፤ የጠረጠሩትን ጠርጥረዋል። በማግሥቱ ሂንድ ለአለቃዋ ማመልከቻ አስገባች። ቆቦ እንዲህ ያለ ቤት ሊሠራ ታቅዶ ሰው ታጥቶ ነበር፤ እኔ ልሂድ አለች። ሰርጉን ቆማ ከምታይ የቆቦን ፀሐይ መረጠች።

ሰኔ ላይ ክዳኑ አለቀ። ፊላው በወፍራሙ ተነጥፎ፣ ጠርዙ ግድግዳውን ከዝናብ እንዲጋርደው ወደ ውጭ ረዘም ብሎ ወረደ። ከተማው ሁሉ መጥቶ አየና ሁሉም አንድ ነገር አለ፦ ሐምሌን ካለፈ እናያለን። ኑርዬ ግን የገባበት አልነበረም። በሩ ተገጥሞ፣ መስኮቱ ተገጥሞ ቤቱ ባዶውን ይውላል፤ እሱ አባቱ ቤት ያድራል። ሂንድ ሙሽራዋን እየጠበቀ ነው አለች።

የቆቦው ዝውውር ተፈቅዶ ደብዳቤው እጇ የገባው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤቱን ለመጨረሻ ጊዜ ልትመረምር ብቻዋን ሄደች። ገና በረንዳው ላይ ስትደርስ ሰማዩ ከአምባሰል በኩል ጠቁሮ መጣና ያልታሰበ በረዶ ወረደ። በሩን ከፍታ ገባች። እሷ ሳትዘጋው አንድ ነጭ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ ከመንገዱ እየሮጡ ተከትለዋት ገቡ። ጋቢያቸውን ሲገልጡ አያ ሙዘይን ናቸው።

ሁለቱም ደነገጡ። አያ ሙዘይን ተመልሰው እንዳይወጡ በረዶው የጡጫ ያህል ነው፤ እንዳይገቡ ደግሞ አልገባም ያሉት ቤት ነው። ጥቂት አመነቱና፣ «አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ ወደ ባዶው ሳሎን። ሂንድ መደቡ ላይ ነጠላዋን አነጠፈችላቸው። ተቀመጡ።

ውጭ ዓለም እየፈረሰ ውስጡ ግን ጸጥ ያለ ነው፤ በረዶው ፊላው ላይ ሲያርፍ እንደ ዱቄት ነው የሚሰማው። አያ ሙዘይን ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ቤታቸው ቆርቆሮ ስለሆነ ክረምት በመጣ ቁጥር ጆሯቸውን በጨርቅ ይዘው እንደሚያድሩ፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር የሚያውቁት ከመስከረም ወዲያ መሆኑን ነገሯት። ሂንድ በትሕትና አዳመጠች። እየተናገሩ ሳለ ድምፃቸው እየቀነሰ፣ ቃላቸው እየተራራቀ ሄደ። ቀና ብላ ስታይ አያ ሙዘይን ግድግዳውን ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ሂንድ ሳቋ መጣባትና አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። ያ የተፈራ ሰው አፉን ከፍቶ እንደ ሕፃን ተኝቷል። ከክፍል ክፍል ቀስ ብላ እየሄደች ግድግዳውን ዳሰሰች፤ ደረቅ ነው። በመስኮት ብቅ ብላ መሠረቱን አየች፤ ውሃው በድንጋዩ ሥር ወደ ኩሬው ይወርዳል። ቤቱ ቆሟል። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ቦርሳዋ ውስጥ ያለው የዝውውር ደብዳቤ ግን ድንጋይ የተሸከመች ያህል ከበዳት።

አያ ሙዘይን ሲነቁ በረዶው ወደ ዝናብ ተለውጦ ነበር። ዓይናቸውን አሻሹ፤ ተነሥተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ገፉት፤ ደግመው በትከሻቸው ገፉት። ከዚያ ወደ ሂንድ ዞሩ።

«በቃ፣ ልጄ አሸነፈኝ» አሉ። «እናትሽ ሽማግሌ ለመቀበል የትኛው ቀን ይመቻቸዋል?»

«የምን ሽማግሌ?» አለች ሂንድ።

«ላንቺ ነዋ።»

አያ ሙዘይን ፊቷን ሲያዩ የራሳቸውም ፊት ተለወጠ።

«አልነገረሽም እንዴ? ወላሂ፣ አያስችለውም፣ ይነግራታል ብዬ ነበር።»

ተመልሰው መደቡ ላይ ተቀመጡና ነገሩን ከመጀመሪያው አወጉላት። ከስብሰባው የተመለሰ ዕለት ኑርዬ የእትዬ ፈዲላን ልጅ ነው የማገባው ብሏቸው ነበር። እሳቸው ለኮምቦልቻዎቹ ቃል ሰጥቻለሁ፣ ደግሞም የጭቃ ለሳኝ ልጅ ብለው ተቆጡ። ይህን ሲነግሯት አንገታቸውን ደፉ። ልጃቸው እንግዲያው ግድግዳው ያለ አጣናህ የሚቆም ቤት እሠራለሁ ሲላቸው ሳቁበት። ቤቱ የሐምሌን ዝናብ ችሎ ከቆመ ሽማግሌ እልክልሃለሁ፤ ከፈረሰ ኑርሀያትን ታገባለህ፤ እስከዚያ ግን ለልጅቱ ትንፍሽ እንዳትል፣ የሙት ልጅ በባዶ ተስፋ አትሰር ብለው አስማሉት። ኮምቦልቻዎቹም ቁርጡን ሳያውቁ መጠበቁ ቢሰለቻቸው ባለፈው ወር ልጃቸውን ለሌላ ዳሩ። እሳቸው ይህን ለሰው ያልተናገሩት አፍረው ነው።

ሂንድ ወደ መስኮቱ ዞረች። የማታየውን ዝናብ ታያለች። ያ ሁሉ «አንቺ ብትሆኚ» አንድ በአንድ እየተመለሰ ጆሮዋ ላይ ይደወል ጀመር።

በሩ በኃይል ተከፈተ። ኑርዬ ነው፤ ከራሱ እስከ እግሩ ውሃ ሆኗል። በረዶውን ሲያይ ከአባቱ ግቢ ጀምሮ ሮጦ ነው የመጣው። ሰው መኖሩን እንኳ ሳያይ ግድግዳውን ዳሰሰ፣ ማዕዘኑን ዳሰሰ፣ ጣሪያውን አየ። ዞር ሲል አባቱንና ሂንድን አብረው አየ፤ ባለበት ቀረ።

አያ ሙዘይን ተነሡ። ዝናቡ አባርቶ እንደሆነ ልይ ብለው ወጡ፤ ዝናቡ እንዳላባራ ሦስቱም ይሰሙታል። በሩን ከኋላቸው ገርበብ አደረጉትና በረንዳው ላይ ቆሙ።

«ነገሩሽ?» አለ ኑርዬ።

«ነገሩኝ።»

ከፀጉሩ የሚወርደው ውሃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«ስንት ነገር ጠየቅከኝ» አለች ሂንድ። «ሁሉንም የመለስኩልህ ለሷ ነው ብዬ ነው።»

«ሁሉንም የጠየቅኩሽ ላንቺ ነው።»

«እኔ እያለቀስኩ ነው የሠራሁት፣ ኑርዬ። ይሄን ግድግዳ እያለቀስኩ ነው የለሰንኩት።»

«በቁርአን ምዬ ነበር። በየቀኑ ልነግርሽ መጥቼ በየቀኑ ጭቃ ረግጬ ተመለስኩ።»

«የአባትህን ቃል ጠበቅክ። እኔን ማን ጠበቀኝ?»

ኑርዬ ዓይኑን ከሷ ላይ አላነሳም። ሂንድ ቦርሳዋን ከፍታ ደብዳቤውን ሰጠችው። እርጥብ እጁን የሚጠርግበት ደረቅ ነገር ልብሱ ላይ አጥቶ በግድግዳው ላይ ካበሰ በኋላ ተቀበላት። አነበበ።

«ቆቦ» አለ። «ጠይቀሽ ነው?»

«ጠይቄ ነው።»

ይቀድደዋል ብላ ፈርታ ነበር። ምናልባትም እንዲቀድደው ተመኝታ ነበር። ኑርዬ ግን ወረቀቱን በእጥፋቱ መልሶ አጥፎ፣ እንዳይረጥብ በሁለት ጣቱ ብቻ ይዞ መለሰላት።

«ሂጂ» አላት። «ቆቦም ቤት የሚፈልግ ሰው አለ። እዚህ ቤት ግን ካንቺ በቀር ሌላ ሴት አትገባም። ስትመለሺ ትገቢበታለሽ። ካልተመለሽም እኔና ወይራዋ እንኖርበታለን።»

ሂንድ ልትቆጣው አፏን ስትከፍት የወጣው ሳቅ ነው። ሳቁ ውስጥ ያ የከረመ እንባ ሁሉ ነበረበት፤ ስታቆመው አልቆም አላት። ኑርዬም ሳቀ። ከዚያ መደቡ ላይ የተነጠፈውን የነጠላዋን ጫፍ አነሳችና በግድግዳው ጭቃ የቆሸሸውን መዳፉን አንድ በአንድ ጣቱን እየያዘች ጠረገችለት። ጽዱ ሆኖም አልለቀቀችውም። ልጅ ሆና ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ከኋላዋ ይሰማት የነበረው ሙቀት አሁን ከፊት ለፊቷ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ እስኪበቃት አየችው። አልበቃትም።

በሳምንቱ ሽማግሌ ተላከ። አያ ሙዘይን ራሳቸው መጡ፤ አያ አሻግሬም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሆኑ። እትዬ ፈዲላ ተቀበሏቸው፣ አስቀመጧቸው፣ አዳመጧቸው፤ ከዚያ ሌላ ቀን ተመለሱ ብለው ሸኟቸው። ሂንድ ክው አለች። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ እናቷን ምን ሆንሽ ብላ ጠየቀቻቸው።

«ግድግዳ ልትመርግ ገብታ ልጇን መርጋ ወጣች እንዲሉኝ አልፈልግም» አሉ እትዬ ፈዲላ። «አንቺ በሰው ቸርነት የምትገቢ አይደለሽም። ትንሽ ይመላለሱ።»

ተመላለሱ። በሁለተኛው ቀን ሂንድ እንደ ደንቡ ጓዳ ገብታ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመች። አያ ሙዘይን ተለሳልሰው ጀመሩ፤ ባለፈው ያላሉትን አሁን አሉ። ፊት የተናገርኩትን አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እትዬ ፈዲላም ይቅር ይበሉኝ አሉ። በሕይወቴ ከተኛሁት እንቅልፍ ሁሉ የሚጣፍጠውን የተኛሁት እርስዎ የለሰኑትን ግድግዳ ተደግፌ ነው ሲሉ ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እናቷ ግን እንዳልሳቁ ሂንድ ከመጋረጃው ጀርባ አወቀች።

«ልጄን እሰጣለሁ» አሉ እትዬ ፈዲላ። «አንድ ነገር ግን አለኝ። ልጄ ቤት ስትሠራ ትኖራለች እንጂ ቤት ውስጥ ብቻ ተቀምጣ አትኖርም። ቆቦ ትሄዳለች። ሥራዋ ነው። ሥራዋን ጨርሳ ስትመለስ እድራታለሁ፤ ከዚያ በኋላም ሌላ አገር ቢጠሯት ትሄዳለች።»

ሂንድ እናቷ እንዲህ ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም። በሰው ግቢ አንገታቸውን ደፍተው ጭቃ የሚያቦኩት ሴት ድምፅ አልነበረም፤ ወይም ያ ድምፅ ድሮም ነበረ፣ የሚሰማው አጥቶ ነው። ሂንድ መጋረጃውን ጨበጠች። ስለ ኑርዬ ተጨንቃ የነበረው ልቧ አሁን በእናቷ ኩራት ሊፈነዳ ደረሰ።

አያ ሙዘይን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቆቦ ሩቅ አይደለም» አሉ። «ልጁም መኪና ይነዳል፤ ሲናፍቅ ይሂድ። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በየሄደችበት ስትሠራ ለክዳኑ እንኳ ትንሽ ትንሽ አጣና ታስገባ። እኔም ልኑርበት።»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ፈዲላ ነበሩ። ሂንድ ያን ሳቅ ከልጅነቷ ጀምሮ ናፍቃው ኖራለች፤ አባቷ በሕይወት ሳለ የነበረ ሳቅ ነው። ሽማግሌዎቹ ተከተሉ። ሳቁ ሲበርድ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ፤ አያ አሻግሬም እንዳገሩ ልማድ መዳፋቸውን ዘርግተው አሜን ይላሉ። ጥንዶቹን አላህ ያዋድዳቸው፣ አሜን፤ ቤታቸውን ዝናብ አያፍርሰው፣ አሜን፤ አጣና አይጥፋበት ብለው አንዱ ተንኮለኛ ሽማግሌ ሲጨምሩ ሂንድ አልቻለችም። ከመጋረጃው ጀርባ ሳቋ አምልጧት ወጣ።

ዱዓው ቆመ። ሁሉም ወደ ጓዳው ዞሩ። ሂንድ አፏን በሁለት እጇ ብትይዝም ጊዜው አልፎ ነበር።

«ይኸው» አሉ አያ ሙዘይን፣ «እሷም አሜን አለች።»

ሂንድ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ እያለች መሬት ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ይቃጠላል። ከመጋረጃው ወዲያ እናቷ እንደገና ሲስቁ ይሰማታል፤ ከደጅ ደግሞ፣ ቤቱ ይቆይ ቢሉት አልቆይ ብሎ አጥሩ ሥር የሚንጎራደደው የኑርዬ ኮቴ ይሰማታል። ሁለቱን ድምፅ አንድ ላይ አዳመጠቻቸው። ከዚህ በኋላ ደስታዋን ከማን ደብቃ እንደምትስቅ ግራ ገባት፤ የምትደብቀው ሰው አልቀራትምና እጇን ከአፏ ላይ አነሳች።